ኪስ የሚገባ መሳያ

ደብረ ታቦር ላይ ቅርጫ ገብቶ የጋሽ በላይነህን ቢላ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ አዲስ መጤ ነው፣ ወይ ሥጋ አይበላም። በሬው ተጥሎ፣ ወንዱ ሁሉ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ሁሉም የየራሱን ቢላ ይዞ ቆሞ ሳለ እንኳ፣ እስቲ ያን የበላይነህን ወዲህ በሉት የሚል አይጠፋም። ቢላው ራሱ ምንም የለው። ከመኪና ሞላ የተቀጠቀጠ፣ እጀታው በጠፍር የተጠመጠመ ተራ ነገር ነው። ነገሩ ያለው አፉ ላይ ነው። ቆዳ ሲገፉበት ከሥጋው ጋር ተጣልቶ የሚወጣ ሳይሆን ተሰነባብቶ የሚለይ ይመስላል።

ሥጋ ሰጥቶ ቢላ መንሳት የሚባለውን አባባል ጋሽ በላይነህ አይወዱትም። ሥጋ ሰጥቶ ዱልዱም ቢላ ማቀበል ይብሳል ባይ ናቸው፤ የነሳህ ሰው ቢያንስ አላታለለህም። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው አይፈታም፤ ቀልድ ይሁን ቁጣ የሚለየው የቆየ ጎረቤት ብቻ ነው።

የተወለዱት ከጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት ደጋ ነው። መሬቱ ለወንድማማች አልበቃ ሲል በጎልማሳነታቸው ከተማ ገቡና የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጤፍ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሀብት አላፈሩም፣ ሹመት አላዩም፣ በጠብ ስማቸው ተነሥቶ አያውቅም። ስም ካላቸው በአንድ ነገር ነው፤ እሳቸው የሳሉት ይቆርጣል። ለአንድ ሰው ከዚህ የበለጠ ስም ምን ያደርግለታል?

ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከርብ ወንዝ ዳር በአህያ ያስመጡት ድንጋይ ተተክሏል። መካከሉ ከመሳል ብዛት ጎድጉዶ ዝናብ ሲዘንብ ዶሮ ይጠጣበታል። በዓመት በዓል ዋዜማ የሰፈሩ ሴቶች ቢላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይመጣሉ። ጋሽ በላይነህ ክፍያ አይቀበሉም፣ ስድብ ግን ይሰጣሉ። ይሄን ቢላ ምን ስትቆርጪበት ከረምሽ፣ ሚስማር ነው ይላሉ። ሴቶቹ ለምደውታል፤ ሳይሰደቡ የተመለሱ ለት ሰውዬው ታመው ይሆን ብለው ይጨነቃሉ።

እዚያ ድንጋይ ላይ ውሃ የምታንጠባጥብላቸው ሠናይት ነበረች፣ አንድ ልጃቸው። እሳቸው ሲስሉ እሷ በጣሳ ይዛ ጠብ ጠብ ታደርጋለች፣ እንዳይበዛም እንዳይደርቅም። ዛሬ በግራ እጃቸው ያንጠባጥባሉ፣ በቀኝ ይስላሉ፤ የውሃው ግማሽ እግራቸው ላይ ይፈሳል።

ሠናይት ግንበኛ አግብታ ሀዋሳ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ዳኛቸው፣ ሥራ ያለው እዚያ ነው ብሎ ይዟት ሄደ፤ ጋሽ በላይነህም ልጃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ በዓይናቸው ያዩአት ያኔ ነው። የልጅ ልጃቸው ክርስትና ስትነሣ የሠናይት እናት በጠና ታማ ነበርና ጥለዋት መሄድ አልሆነላቸውም። እናቲቱ ስታርፍ ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ሠናይት ለቀብሯ አልደረሰችም፤ በስልክ አለቀሰች። በስልክ የሚለቀስ ልቅሶ፣ እናንተዬ፣ ለጠላትም አይስጥ። አንዱ እዚያ ይነፋረቃል፣ አንዱ እዚህ ሄሎ ሄሎ ይላል።

የልጅ ልጃቸው ኤልዳና ትባላለች። ጋሽ በላይነህ መጀመሪያ ሲሰሙት የሳሙና ስም መስሏቸው ተቆጥተው ነበር። አሁን ብቻቸውን ሲሆኑ አፋቸውን ለማስለመድ ቀስ እያሉ ይጠሩታል።

ይናፍቋቸዋል። ልጅቱም ሳያዩዋት ትናፍቃቸዋለች፣ እናቷማ አይነሣ። ከባሕር ዳር የሚመጡት መኪኖች በሚገቡበት ሰዓት ጋሽ በላይነህ ያለ ጉዳያቸው መናኸሪያው በር ላይ ይገኛሉ። ምን ይሠራሉ ያላቸው እንደሆነ ቆሎ ልገዛ ነው ይላሉ። ቆሎ የሚፈጭ ጥርስ ከወለቀ ስንት ዘመኑ!

ታዲያ ለምን አይሄዱም? የሚል አይጠፋም፤ የእኛን አገር አባት የማያውቅ ነው እንዲህ የሚለው። አባት ያገባች ልጁ ቤት ዝም ብሎ አይሄድም። ለክርስትና ይሄዳል፣ ለሐዘን ይሄዳል፣ ታመመች ሲባል ይሄዳል። ናፈቀችኝ ብሎ ከረጢት አንጠልጥሎ የአማቹን ደጅ የሚያንኳኳ አባት ወይ ቸግሮታል፣ ወይ ጃጅቷል ተብሎ ይታማል። ጋሽ በላይነህ ደግሞ ከመታማት ዱልዱም ቢላ ይመርጣሉ። እናም ምክንያት ሲጠብቁ ዓመታቱ አለፉ።

ምክንያቱ የመጣው በዚህ ዓመት፣ ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው በገቡበት ሰሞን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠናይት እንደ ልማዷ ደወለች። ወሬ ወሬን ሲያነሣ የገናውን ጉድ አልነገርኩዎትም አለችና እየሳቀች ታወራላቸው ጀመር። ለገና አውራ ዶሮ ገዝታ፣ ክንፉን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር አሉ። መጀመሪያ ያለፈው ተማሪ ልጅ፣ እኔ ደም ሳይ ይዞረኛል ብሎ ሮጠ። ሁለተኛው ደግ ሰው ነበር፣ ግን የእሷ እምነት ተከታይ አልነበረም፤ እሱም ይህን አውቆ እንኳን አደረሰሽ ብሏት አለፈ። ሦስተኛ የሚባል አልመጣም። ፀሐዩ አናቷን ሲበሳት ዶሮውን ፈትታ ለቀቀችው፤ ከሉካንዳ ሥጋ አስመዝና በዓሉን ዋለች። ዶሮው እስከ ዛሬ ግቢው ውስጥ ባለርስት ሆኖ ይጮሃል እያለች ሳቀች። ቢላዬም ቢሆን ሽንኩርት እንኳ አይቆርጥም፣ ያለዚያማ ዶሮውን ገዝግዤ እጨርሰው ነበር አለችና አሁንም ሳቀች።

ጋሽ በላይነህ አልሳቁም።

በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። ለምን ቢባል መምሬም ምክንያቱን ዘርዝረው አይነግሩህም፤ ግን አታርድም። ባሏ ሩቅ የሄደባት፣ የሞተባት፣ ወንድም የሌላት ሴት ለዓመት በዓል ዶሮዋን ይዛ ደጅ ትቆማለች፤ ያለፈ ወንድ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ባርኮ ያርድላታል። እንዲህ የቆመች ሴት ያየ ሰው እዚያ ቤት ወንድ እንደሌለ ያውቃል። አይጠይቅም። አርዶላት፣ ቢላዋን አብሶ መልሶላት መንገዱን ይቀጥላል።

ዳኛቸውስ የት ሄዶ ነው አሏት። ለሥራ ወጥቶ ነው አለች። ከዚህ በፊትም ሲጠይቁ አንዴ ሥራ ላይ ነው፣ አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ስልኩ ተበላሽቷል ትላቸው ነበር። የገና ለት የማያርፍ ግንበኛ ምን ዓይነት ግንበኛ ነው? ጋሽ በላይነህ ይህን ሆዳቸው ውስጥ አሉት እንጂ በአፋቸው አላወጡትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፤ እሷም አልነገረችም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ብቻ ለፋሲካ መጥቼ ዶሮሽን እባርክልሻለሁ፣ ያን ዱልዱም ቢላሽንም እስልልሻለሁ አሏት።

ሠናይት እውነትዎን ነው አባዬ ስትል ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ሆነባቸው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ጋሽ በላይነህ ተነሥተው ግቢውን ሁለት ሦስቴ ዞሩ። ደስ ብሏቸዋል፤ የልጃቸው ቤት ባዶ መሆኑ ደግሞ አንጀታቸውን እየበላው ነው። 

መንገዱን ሲያስቡ የመጀመሪያው እንቅፋት ቢላው ሆነ። ጎረቤታቸው ወርቅነሽ እንዳለችው፣ በየኬላው ፍተሻ አለ፤ የወንድሟን የማር መቁረጫ ቢላ ሳይቀር ወስደውበታል። ደህና፣ ቢላው ይቅር። ሠናይት ቤት ቢላ አለ፣ አፍ ነው የጎደለው። አፍ የሚያወጣው ደግሞ ድንጋዩ ነው፤ እሱን ነቅላችሁ አውቶቡስ ላይ ጫኑልኝ አይባል ነገር! እንግዲህ የሚያስፈልገው ኪስ የሚገባ መሳያ ነው። ጋሽ በላይነህ በዕድሜያቸው ሙሉ መሳያ ገዝተው አያውቁም፤ ድንጋይ እያለ መሳያ የሚገዛ ሰው ለእሳቸው ወንዝ ዳር ቆሞ የታሸገ ውሃ የሚገዛ ሰው ነው።

ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ገበያ መሀል ወደ አንዋር ሱቅ ሄዱ። አንዋር ሚስማር፣ ቁልፍ፣ ማጭድና ገመድ የሚሸጥ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ነጋዴ ነው። ጋሽ በላይነህ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። ለመንገድ የሚሆን መሳያ ሲሉት፣ እርስዎ? አለና ሚስቱን ሙኒራን ጠርቶ ስሚ እስቲ ይህን ጉድ አላት። ከዚያ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

መጀመሪያ ያቀረበው ቀይ ፕላስቲክ ነው፤ መሀሉ ላይ ሁለት ስንጥቅ አለው፣ ቢላውን እዚያ ከትቶ ሁለቴ ሦስቴ ጎተት ማድረግ ብቻ። ጋሽ በላይነህ ከቤት ባመጡት የማድቤት ቢላ ሞከሩት። የአንዋርን ቢላ አላነሡም፤ እሱም አላቀረበላቸውም። የአንዱ ቤት ሥጋ የነካ ቢላ የሌላው እጅ አይገባም፤ ይህን ሁለቱም ያለ ቅሬታ የሚያውቁት ነገር ነው። ጋሽ በላይነህ ሁለቴ ጎትተው የቢላውን አፍ ወደ ብርሃን አዞሩና፣ ይሄ አይስልም፣ ይግጠዋል ብለው ፕላስቲኩን ገፋ አደረጉት። ቀጥሎ እጀታ ያለው ክብ የብረት ዘንግ መጣ። ይሄን ወደዱት፤ ግን ፈታሽ ፊት ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቶ መሳያ ነው ቢሉ ማን ያምናቸዋል? ሞረድ አቀረበላቸው፤ ሞረድ ለማጭድ ነው፣ ቢላ ላይ ጅብ ነው ብለው መለሱት። መጨረሻ ላይ መዳፍ የምታህል ባለ ሁለት ገጽ ድንጋይ ወጣች፤ አንደኛው ገጿ ሻካራና ግራጫ፣ ሌላው ልስልስና ቀላ ያለ። ጋሽ በላይነህ አገላብጠው አዩአት፣ በምራቃቸው አርሰው በጥፍራቸው ፋቁአት፣ ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው በጣታቸው ኳ አደረጓት። ከዚያ ላስብበት ብለው ወጡ።

በሚቀጥለው ገበያ ተመለሱ። በሌላውም ተመለሱ። አንዴ ጠርዟ ሸራፋ ነው፣ አንዴ ቀለሟ ደስ አላለኝም፣ አንዴ ደግሞ ሳልሞክራት እንዴት አምናታለሁ ሆነ። መሞከሩም መከራ ነበር። የጾም ወቅት ስለሆነ በእሳቸው ቤት ሥጋ የለም። አንዋር ቤት ለማፍጠሪያ ሥጋ አለ፤ እሱን ደግሞ አይነኩትም። በጾም ነው የማይነኩት ወይስ በፍስክም ብሎ አንዋር ሊነዘንዛቸው ሲሞክር፣ በሁለቱም አሉት። ስለዚህ ገመድ ቆረጡ፣ አሮጌ የበግ ቆዳ ተለተሉ፣ የክንዳቸውን ጠጉር ላጩ። ከዚያ ሁለቱ ጾመኞች ሚስማር ክምር ላይ ቁጭ ብለው፣ ጎድን ከጎድን እንዴት እንደሚለይ፣ ብልት በየት በኩል እንደሚገባ ሲያወሩ አፋቸው ደርቆ ይቀራል። አላፊ አግዳሚው የእነዚህን ሰዎች ነፍስ ይማር ይል ነበር።

አንድ ቀን ግን አንዋር ቀልዱን ተወ። ድንጋይዋን ከእጃቸው ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሽ በላይነህ፣ እርስዎ እኮ መሳያ በአንድ ዓይን አይተው የሚያውቁ ሰው ነዎት። ይህን ሁሉ ቀን የፈጀው ድንጋይዋ አይደለችም። ሄደው የሚያዩትን ፈርተው ነው" አላቸው።

ጋሽ በላይነህ ተቆጡ። አንተ ስለ ሚስማርህ አውራ፣ ስለ እኔ ሆድ ማን ጠየቀህ አሉት። ግን እግራቸው አልተነሣም። ቁጣቸው ሲበርድ ስለ ገናው ዶሮ ነገሩት፤ ለማንም ያልነገሩትን ነው። ልጄ ሀገር ምድሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ዶሮ ይዛ ቆመች፣ አንዋር፣ እኔ እዚህ የሰው ሁሉ ዶሮ ሳርድ አሉት። ደርሼ ቤቷ ባዶ ሆኖ ካገኘሁት ምን እላታለሁ? ለአማች ያጎነበሰ አባት አንገቱን ቀና ማድረጊያ አያጣም፤ ልጁ ተጥላ ስታለቅስ የሚያይ አባት ግን ምን ይዞ ይቆማል? አንዋር ድንጋይዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸውና ያድርስዎት ብቻ አላቸው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ በላይነህ ሌላ ሰው ሆኑ። ድንጋይዋን ደጃፍ ያለው ትልቁ ድንጋይ ላይ እያሹ ፊቷን አስተካከሉ፣ ውሃ ውስጥ አሳደሯት፣ ከአሮጌ ቀበቶ ቆዳ ማኅደር ሰፉላት። ለልጃቸው ቅቤ በጣሳ አሸጉ፣ ለልጅቱ ከገበያ ቢጫ የፀጉር ማስያዣ ገዙ። ወርቅነሽ ልብሳቸውን አጠበችላቸው። ለሠናይት ሐሙስ ተሳፍሬ ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ አሏት። ዶሮው ያው ባለርስቱ ነው አለቻቸው፤ ርስቱን እንነቅለዋለን አሏት።

ጸሎተ ሐሙስ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረሱ። መኪናው ቆሟል፣ ሰው ተሰልፏል፣ ሾፌር የለም። ቆይቶ አንድ ሰው መጣና መንገዱ ተዘግቷል አለ። መቼ ይከፈታል ሲሉት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ሰው እያጉረመረመ ተበተነ፤ ጋሽ በላይነህ ግን ቅቤያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪረፋፍድ ተቀመጡ። በማግስቱ ስቅለት ነው፤ ከስግደት በፊት ደግመው ሄዱ፤ የመናኸሪያው በር ራሱ አልተከፈተም። ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሰገዱ። ሲሰግዱ ከጎናቸው የነበረው ሰው ሰውዬው የሚያነቡት የክርስቶስን መከራ አስበው ነው ብሎ አድንቆ ይሆናል። እሳቸው ግን ስለ ሀዋሳ ነበር የሚያለቅሱት፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና።

የቀዳም ሹር ዕለት የሰፈሩ ሴቶች ቄጤማቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ ዶሮና ቢላ ይዘው ጋሽ በላይነህ ግቢ ተሰለፉ። ሰውዬው ለአንዷም ስድብ አልሰጡም። ይስላሉ፣ ይባርካሉ፣ ያርዳሉ፣ ቀጣይዋን ይቀበላሉ። ወርቅነሽ ከሰልፉ መጨረሻ ሆና ታያቸዋለች፤ ፊታቸው ሙሉ ቀን የተጾመበት ሳይሆን ሙሉ ዘመን የተጾመበት ይመስላል። የሁሉም ሴት ዶሮ እየታረደ ነው፣ ከአንዷ በስተቀር።

ስልካቸው ጮኸ። ሠናይት ናት፤ መንገዱ መዘጋቱን ትናንት ነግረዋታል። እንደገና ሳቋን አምጥታ፣ አያስቡ አባዬ፣ ባለርስቱ ዕድሜ አለው፣ ዘንድሮም ሉካንዳ እሄዳለሁ አለቻቸው። መንገዱን የዘጉት እርስዎ አይደሉ አለች። ከኋላዋ ኤልዳና፣ አያቴ የታለ፣ መጣ ወይ ስትል ተሰማቸው።

ጋሽ በላይነህ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። መፍትሔው ከመጀመሪያው ጀምሮ አጠገባቸው ነበር፤ ደፍረው አላዩትም እንጂ። መሳያ በየቤቱ አለ፤ የሸክላ ሳህን ሲገለበጥ ቂጡ ላይ ያለው ያልተቀባ ክብ ቢላ ይስላል። እጅም አላት። ግን ይህን ዛሬ ካስተማሯት፣ ነገ በምን ምክንያት ይሄዳሉ? ስድስት ዓመት ጠብቀው ያገኙት ምክንያት አንድ ዱልዱም ቢላና አንድ ዶሮ ነው። ሁለቱን በስልክ ከሰጧት፣ ሀዋሳ ላይ የሚያስፈልጉበት ምንም ጉዳይ አይኖርም። ደግሞስ ሴት አታርድም ብለው ሲናገሩ የኖሩት እሳቸው አይደሉም ወይ? ይህን እያሰቡ ሳለ የቆሙት ሴቶች ዶሮአቸውን ይዘው ያዩአቸዋል። ልጃቸው እንደ እነዚህ ቆማ፣ ማንም ሳይመጣላት፣ ፀሐይ ሲበሳት በዓይነ ኅሊናቸው መጣች።

ሳህን አለሽ? አሏት።

ነገሩ ሲገባት መሳቋን አቆመች። ስልኩን ኤልዳና እንድትይዝ ሰጠቻት። ጋሽ በላይነህ ሳህኑን ገልብጪ፣ ክቡን በውሃ አርጥቢ፣ ቢላውን አጋድመሽ ከእጀታው ወደ ጫፉ ግፊ አሏት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ብረቱ ሸክላ ላይ ሲሄድ ይጮሃል። ቀጥ አድርገሽዋል፣ ዝቅ አድርጊው አሏት። ዝቅ አደረገች፤ ጩኸቱ ወደ ማንሾካሾክ ወረደ። እሱ ነው፣ በዚያው ቀጥይ አሉ። አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው ሰውዬው ስልክ ጆሯቸው ላይ አጣብቀው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ያያሉ። በመጨረሻ ሠናይት ሽንኩርት ቆርጣ፣ አባዬ፣ አፍ አወጣ አለች።

አሁን ዶሮውን አምጪ አሏት። ክንፎቹን አንድ ላይ አድርገሽ በአንድ እግርሽ ርገጪ፣ እግሮቹን በሌላው፤ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዙሪ። የዶሮው ግርግር ተሰማ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሠናይት አላረደችም።

"አባዬ፣ ሴት አታርድም ይሉ አልነበር?"

ጋሽ በላይነህ ቆመው ቆባቸውን አወለቁ። "የሚባርከው እኔ ነኝ። እጅሽ የእኔ እጅ ነው" አሏት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሉ። ሴቶቹ ለማን እንደሆነ ሳይገባቸው አማተቡ። በስልኩ ውስጥ ክንፍ ተራገበ፣ ትንሽ ቆየ፣ ጸጥ አለ።

ሠናይት ማልቀስ ጀመረች። በለቅሶዋ መሀል፣ ዳኛቸው ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሌላ ቤት ሠርቷል፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት አለች። አውቄያለሁ ልጄ አሏት። ሰው ሲያለቅስ ምክር ማቀበል አይወዱም። ልቅሶዋ እስኪበርድ ቆዩና፣ የፈሩትን ተናገሩ።

"እንግዲህ ቢላሽም ተሳለ፣ ዶሮሽም ታረደ። እኔ ከእንግዲህ ምን ልሠራ እመጣለሁ?"

"ምንም ሳይሠሩ ይምጡ፣ አባዬ። ቁጭ ብለው እንዲያዩን ብቻ።"

ጋሽ በላይነህ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያ ለሠናይት እናት እንኳ በዕድሜዋ ሙሉ ነግረዋት የማያውቁትን፣ እዚያው ሰልፉ ሁሉ ፊት፣ አሉት።

"ናፍቀሽኛል።"

ወዲያው ደግሞ አፈሩ፣ መንገዱ የተከፈተ ዕለት እመጣለሁ አሉ፣ ስልኩን ሳይዘጉት ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከወርቅነሽ ቢላዋን ተቀብለው አፉን በአውራ ጣታቸው ሞከሩና፣ ይሄን ምን ስትቆርጪበት ከረምሽ ብለው ይሰድቧት ጀመር። ሴቶቹ ሳቁ። ከደረት ኪሳቸው ውስጥም የሚስቅ ሰው ነበር።